መዝገቡን የያዘው ማን ነው? የወኪል ምርጫ ጥሪ ከጅቡቲ እስከ ቢዮ አዋሌ

«ውጡ፣ ተመዝገቡ፣ ወኪላችሁን ምረጡ!» የሚለውን ጥሪ የድሬዳዋ ሰው ከሁለት አቅጣጫ ሲሰማው ኖሯል። ድሬዳዋን በ1895 ዓ.ም. የቆረቆራት የባቡር ሐዲድ ነው፤ በሐዲዱ ላይ ደግሞ ሸቀጥና መንገደኛ ብቻ አልተመላለሰም። በምሥራቁ ጫፍ፣ ጅቡቲ ላይ፣ ፈረንሳዮች የቅኝ ግዛታቸውን ነዋሪ ፓሪስ የሚቀመጥ እንደራሴ ምረጥ ይሉት ነበር። በምዕራቡ ጫፍ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሰው ላኩ እያለ ያውጅ ነበር። ዛሬ ጥሪው ከምርጫ ቦርድ፣ ከፓርቲዎችና ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይመጣል። ቃሉ እምብዛም አልተለወጠም። የተጠራው ሰው ሄዶ ምን አገኘ የሚለው ግን በየዘመኑ ለየቅል ነው።

ጥያቄው ያረጀ ነው፦ ዋናው ሥልጣን ሌላ ቦታ ተቀምጦ ሳለ ለአንድ ምክር ቤት ወኪል መምረጥ የሚደክሙለትን ያህል ዋጋ አለው? ሕዝቡን ምረጥ ብሎ የሚቀሰቅሰው ሰውስ ምን ሲያሟላ ነው የሚታመነው? መመዘኛዬ የቢዮ አዋሌ ገበሬ ነው። ቢዮ አዋሌ ከዋሂል፣ ከጀልዴሳና ከአሰሊሶ ጋር ከአራቱ የድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው። ከከተማው ሙቀት ወጥተው ወደ ኮረብታው ሲያመሩ በእርከን የተያዘ ማሽላና ጫት የሚታይበት፣ ሕዝቡ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ የሚናገርበት አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834 ሰው ነበራት፤ ከዚህ ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ ገደማው ገጠሬ ነው። ስለ «ከተማ አስተዳደር» ሲወራ ይህ አንድ እጅ ይረሳል። ማንኛውም ስለ ምርጫ የሚነገር ትልቅ ቃል እዚያ ኮረብታ ላይ ተፈትኖ ካልቆመ ለእኔ አይቆምም።

ከጅቡቲ ልጀምር፤ ጉዳዩ ከየትም ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው እዚያ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣው የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት የቅኝ ግዛት ሕዝብ በፓሪስ እንዲወከል ፈቀደ። የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ይባል የነበረው ግዛት ለብሔራዊው ሸንጎ አንድ፣ ለላይኛው ምክር ቤት ሌላ አንድ ሰው መላክ ጀመረ። ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በላይኛው ምክር ቤት ተቀመጡ፤ ማሕሙድ ሐርቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ለታችኛው ተመረጡ። አንድ ሰው፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ የፈረንሳይ እንደራሴዎች መካከል! «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ውክልና ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የማዕቀፍ ሕግ ለሁሉም የመምረጥ መብት ሰጥቶ፣ በጅቡቲ ራሷ የመንግሥት ጉባኤ እንዲቋቋም ፈቀደ። ሐርቢ የጉባኤው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ ማን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም፦ ከፓሪስ የተሾመው ገዥ ነው። የተመረጠው ሰው ከተሾመው ሰው በታች ተቀመጠ።

መስከረም 18 ቀን 1951 ዓ.ም. የፈረንሳዩ መሪ ደጎል በሁሉም ቅኝ ግዛቶች ሕዝበ ውሳኔ አስደረጉ። ሐርቢ ሕዝቡን «አይሆንም በሉ» ብለው ቀሰቀሱ፤ ሐሰን ጉሌድ «ይሁን በሉ» አሉ። ከመቶ 75 ያህሉ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ ተባለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ቀን የተቆጠረው ድምፅ 12 ሺህ እንኳ አልሞላም። ግዛቱ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ ነበረው። በረሃ ለበረሃ የሚዞረው አርብቶ አደር፣ ወረቀት የሌለው የወደብ ወዛደር፣ ከድሬዳዋ መጥቶ የሚሠራው ሶማሌ፣ እነዚህ ሁሉ ከመቶኛው ስሌት ውጭ ነበሩ። ሐርቢ ከአገር ወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። «ይሁን» ያሉት ሐሰን ጉሌድ ደግሞ ከ19 ዓመት በኋላ የነፃዪቱ ጅቡቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ታሪክ እንዲህ ዓይነት ቀልድ ያውቃል።

ሁለተኛው ዙር የበለጠ ያስተምራል። ደጎል በነሐሴ 1958 ዓ.ም. በጅቡቲ ሲያልፉ ነፃነት የሚጠይቁ ሰልፈኞች ተቀበሏቸው፣ ደምም ፈሰሰ። ፈረንሳይ አዲስ ሕዝበ ውሳኔ ጠራች። ከድምፅ መስጫው በፊትም በኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች «የውጭ ሰዎች» ተብለው ተባረሩ፤ ከተማይቱም በሽቦ አጥር ታጠረች። መጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. 39 ሺህ ያህል ሰው በተመዘገበበት መዝገብ ላይ ድምፅ ከሰጡት 60.6 ከመቶው «እንቆይ» አለ፣ 39.4 ከመቶው «እንውጣ» አለ። ግዛቱም የአፋርና ኢሳ የፈረንሳይ ግዛት የሚል አዲስ ስም ተሰጠው። ያኔ የኢትዮጵያ መንግሥት ፈረንሳይ ከወጣች ጅቡቲ የኔ ናት የሚል አቋም ነበረው፤ ከሶማሊያ ጋር በነበረው ፉክክር የተነሣም የፈረንሳይ መቆየት አልከፋውም። የድሬዳዋ የኢሳ ሶማሌ ግን ዘመዱ በሽቦው ወዲያና ወዲህ ተከፍሎበት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 የግዛቱ የዜግነት ሕግ ተሻሻለ፤ ቀድሞ ከመዝገብ ውጭ የነበሩ ብዙ ሰዎች መታወቂያ አገኙ። ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. በተደረገው ሦስተኛ ሕዝበ ውሳኔ ነፃነት ከመቶ 99 በላይ ድምፅ አግኝቶ አለፈ፤ ሰኔ 20 ቀን ጅቡቲ ነፃ ወጣች። በዐሥር ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ልብ ከ39 ወደ 99 ተለወጠ የሚል ካለ፣ ለእኔ ግማሽ መልስ ነው። በእርግጥ ፈረንሳይ ራሷ ለመውጣት ወስናለች፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግፊትም ነበረባት። የቀረው ግማሽ ግን ቀላል ነው፦ መዝገቡ ተለወጠ። ሕዝቡን «ምረጥ» እያሉ የዞሩት ቀስቃሾች በ1951ም፣ በ1959ም፣ በ1969ም ነበሩ። ውጤቱን የቆረጠው ግን ስም የሚጽፈውና ስም የሚሰርዘው ጸሐፊ ነው።

ቅኝ ገዢ ሁሉ ምርጫ አልጠራም። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ለኢትዮጵያውያን የምርጫ ሳጥን አላስቀመጠም፤ ሹም ሾመ፣ ሹም ሻረ፣ ያው ነው። ከጣሊያን በኋላ ግን ኤርትራ ሌላ ትምህርት ሰጠች። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ፤ ቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንዞም ኮሚሽነር ሆነው ተላኩ። በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር 68 መቀመጫ ያለው ባይቶ (ምክር ቤት) ለመምረጥ መጋቢት 16 እና 17 ቀን 1944 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ። በአስመራና በምጽዋ መራጩ በቀጥታ፣ በምስጢር ድምፅ ሰጠ። በገጠሩ ግን መንደሩ ተወካይ ይሰይማል፣ ተወካዮቹ ተሰብስበው የባይቶውን አባል ይመርጣሉ። ሴቶች ከነጭራሹ አልተጠሩም።

ይህ የሁለት ደረጃ ምርጫ የሚናቅ አይደለም፤ የገጠሩን ሰው በሚያውቀው የሽምግልና ወግ ያሳትፈው ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን ጥርጣሬ አለኝ። በተወካይ ላይ ተወካይ ሲደረብ ተጽዕኖ የሚያድርበት ሰው ቁጥር ይቀንሳል፤ ሺህ ገበሬ ከመያዝ ዐሥር ሽማግሌ መያዝ ይቀላል። ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን የሚፈልገው የአንድነት ፓርቲ ባገኘው 32 መቀመጫ ትልቁ ኃይል ሆነ፤ ተድላ ባይሩም የመጀመሪያው ዋና አስተዳዳሪ ሆኑ። ሐምሌ 3 ቀን ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ። ከዚያ ፓርቲዎች ጠፉ፣ ባንዲራው ወረደ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ያ ባይቶ ፌዴሬሽኑ እንዲፈርስ ተስማማ ተብሎ ታወጀ። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነትም ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በ1944 ወጥቶ የመረጠው የአካለ ጉዛይ ገበሬ ወኪሉን መጠየቂያና ማውረጃ መንገድ አልነበረውም። ወኪሎች እንዴት መግባት እንዳለባቸው ብዙ ተደክሞበታል፤ እንዴት እንደሚጠየቁ ያሰበ የለም።

በሌላው ዓለምም የቅኝ ግዛት ወኪል ሁለት መልክ አለው። ሴኔጋላዊው ብሌዝ ዲያኝ እ.ኤ.አ. በ1914 ለፈረንሳይ ሸንጎ ተመርጦ ለአራቱ የሴኔጋል ከተሞች ተወላጆች ዜግነት አስከበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያንን ለፈረንሳይ ጦር መለመለ። ኬንያ ውስጥ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1957 ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንት ወኪሎች ሲመርጡ፣ የተማረና ገንዘብ ያለው ሰው እስከ ሦስት ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ ያልተማረው ድሃ ምንም። ያም ሆኖ ቶም ምቦያና ጓደኞቹ በዚያ ጠባብ በር ገብተው በሩን ራሱን ነቀሉት። የጋናው ንክሩማ እ.ኤ.አ. በ1951 እስር ቤት ሆነው የአክራን መቀመጫ አሸነፉ፣ ከእስር ወጥተውም መንግሥት መሠረቱ። የሕንድ ኮንግረስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 የእንግሊዝን ምክር ቤቶች አንመርጥም ብሎ ተነሣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ከውስጡ የወጡት እነ ሲ. አር. ዳስና ሞቲላል ኔህሩ ገብተን ከውስጥ እንታገል ብለው ተወዳደሩ። እንግዲህ መሳተፍም፣ አለመሳተፍም የየራሱ ታሪክ አለው። አለመሳተፍ የሠራው ከኋላው በየመንደሩ የተዘረጋ ድርጅት ሲኖር ነው፤ ድርጅት በሌለበት እቤት መቅረት ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ነው የሚል ሐሳብ ሰፍሮበት ነበር። ሕዝቡ «የበቃው» በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። በ1950 ዓ.ም. ለ210 መቀመጫዎች የመጀመሪያው አገር አቀፍ ምርጫ ተደረገ። ዕድሜው 21 የሆነ ወንድም ሴትም መረጠ፤ ሰንዱ ገብሩ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ የኤርትራ ሴት ከጥቂት ዓመታት በፊት ያልተሰጣት ነው። የድሬዳዋ አካባቢ ያኔ የሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት የድሬዳዋ፣ ኢሳና ጉርጉራ አውራጃ ነበር።

ነገር ግን የመራጩ መዝገብ ሲሰፋ የተመራጩ መዝገብ ጠበበ። ዕጩ ለመሆን በምርጫ ወረዳው አንድ ሺህ ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም ሁለት ሺህ ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ የባለ መሬትና የነጋዴ አጥር ነው። ፓርቲ አልተፈቀደም። ውጤቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ በጭሰኛውና በባለ መሬቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ያስተካክላል የተባለው ረቂቅ ሕግ ለዓመታት በፓርላማው ሲንከባለል ቆይቶ አብዮቱ እስኪመጣ አልጸደቀም። ጭሰኛው መርጦ ነበር፤ የመረጠው ግን ባለ መሬቱን ነው። ሌላ ዕጩ አልቀረበለትማ! በደርግ ዘመን በ1979 ዓ.ም. ለ835 መቀመጫዎች የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎም ዕጩዎቹ በገዢው ፓርቲ በኢሠፓና በሕዝባዊ ድርጅቶች ወንፊት ያለፉ ነበሩ፤ ስለሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

አሁን ድሬዳዋ ራሷ። ቃል ልምረጥ፤ ድሬዳዋን ቅኝ ግዛት ማለት የጅቡቲን ሽቦ ያየ ሰው የማይለው ነገር ነው። ሆኖም ከተማይቱ በአገሪቱ የውክልና ሥርዓት ውስጥ ያላት ቦታ እንግዳ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስሟን አያነሣም። ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል ሁለቱም «የኔ ናት» ስላሉ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆነች፤ ቻርተሯም በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ጸደቀ። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት መቀመጫ አላት። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ስለሆኑ ድሬዳዋ እንደ ድሬዳዋ እዚያ የምትልከው ሰው የለም። የይገባኛል ጥያቄዋን የሚዳኘው ግን ያው ቤት ነው። በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ድንበር ላይ ባሉ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ጎረቤቶቿ ወዴት እንደሚሆኑ ተጠየቁ፤ የድሬዳዋ ሕዝብ ስለ ራሱ አልተጠየቀም።

ከዚህም በላይ የከተማው ምክር ቤት ሥልጣን ለረጅም ጊዜ 40-40-20 በሚባለው ስምምነት ተከፋፍሎ ኖሯል፤ ለኦሮሞ ድርጅት 40፣ ለሶማሌ ድርጅት 40፣ ለሌላው 20። ከንቲባነቱም በሁለቱ መካከል ይፈራረቅ ነበር። ስምምነቱ ሰላም አስገኝቷል የሚሉ ሰዎችን ክርክር በቀላሉ አልጥለውም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ውጥረት የሚያስታውስ ያውቃል። ነገር ግን ድርሻው ከምርጫው በፊት ከተቆረጠ መራጩ የሚወስነው ምን ቀረው? በ2011 ዓ.ም. የከተማው ወጣቶች አደባባይ የወጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ቀመሩ የቢዮ አዋሌን ገበሬም የጠቀመው አይመስለኝም። በቁጥር ከ40ው ውስጥ ነው፤ 40ውን ወክለው የሚቀመጡት ግን በድርጅት ተመልምለው ከከተማ የሚመጡ ነበሩ። የኦሮሞ ድርሻና የገጠር ድርሻ አንድ ተደርጎ ታየ። የእርከኑ፣ የምንጩ፣ የገጠር መንገዱና የሴፍቲኔቱ ጉዳይ በብሔር ቀመር ውስጥ ስም የለውም።

የቅስቀሳውን ታሪክ ደግሞ እንየው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 ከፍ ተደረገ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 3 ነጥብ 6 ሚሊዮን ያህል መቀመጫ ማለት ነው። ተቃዋሚዎች ዕጩዎቻችን ታሰሩ፣ ምዝገባ ተከለከልን ብለው ወጡ፤ ያገኙት መቀመጫ በጣት ይቆጠራል። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ፤ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶችም በዚያን ጊዜ ተመረጡ። በዚያ ዘመን በገጠር ሕዝቡን ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚያወጣው ክርክር አልነበረም፤ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ነበር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የማዳበሪያው አዳይ፣ የሴፍቲኔቱ መዝጋቢና የምርጫው ቀስቃሽ አንድ ሰው ወይም የአንድ ቢሮ ሰዎች ሲሆኑ «ምረጥ» የሚለው ቃል ጥሪ መሆኑ ይቀራል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በኦሮሚያ፣ በአማራና በደቡብ ያነጋገራቸው ገበሬዎች እርዳታና ድጋፍ ከፓርቲ ታማኝነት ጋር ይያያዝብናል ብለው ነበር። መንግሥት አስተባብሏል። ክሱ ትክክል ይሁንም አይሁን፣ ስንዴና ዘይት በአንድ እጅ፣ የምርጫ ካርድ በሌላው እጅ ይዞ የመጣን ሰው ገበሬው እንዴት እንደሚሰማው ለመገመት ጥናት አያሻም።

የሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ አንዳንድ ነገር አስተካክሏል። በአዋጅ 1133/2011 እንደ አዲስ የተቋቋመው ቦርድ በብርቱካን ሚደቅሳ ሰብሳቢነት ከቀድሞው የተሻለ ነፃነት አሳይቷል፤ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። ከድሬዳዋ ጋር የሚነካካ አንድ ጥሩ ምሳሌም አለ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት ካሉት 36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ እነሱን ከክልሉ ውጭ፣ ድሬዳዋን ጨምሮ፣ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ሲመርጡ ኖረዋል። ቦርዱ ይህን አልቀበልም ሲል ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ለሐረሪዎች ፈረደ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሁለተኛ ዙር የሐረሪ ምርጫ ተደረገ። በውሳኔው መስማማት አለመስማማት ሌላ ነው፤ በክልል ሳይወሰኑ መምረጥ ለሌላው ሕዝብ ያልተሰጠ ልዩ መብት ነው የሚሉ አሉ፣ ክርክራቸውም ክብደት አለው። እኔን የገረመኝ መንገዱ ነው። ሐረሪዎች የድምፅ መስጫውን ቀን አልጠበቁም፤ ገና መዝገቡ ሳይዘጋ ስለ መዝገቡ ተሟገቱ፣ ረቱም።

ለቢዮ አዋሌ ሰው እንዲህ የተሟገተ ማን አለ? የ2013ቱ የመራጮች ምዝገባ በመጋቢት ተከፍቶ ደጋግሞ እየተራዘመ እስከ ግንቦት ዘለቀ። ያ ጊዜ የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት፣ ማሽላ የሚዘራበት ነው። አዲስ አበባ ለተቀመጠ የምርጫ ሰሌዳ አውጪ መጋቢት የአንድ ወር ስም ነው፤ ለማሽላ ገበሬ ግን የዓመት እንጀራው የሚወሰንበት ነው። ጫትና ወተት ተሸክማ ከንጋት በፊት ወደ ከተማ ገበያ የምትወርድ ሴት ስትመለስ ጣቢያው ሊዘጋ ደርሷል። ወንድ ልጇ ምናልባት ከተማ ለቀን ሥራ ወርዷል። ሕጉ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖረ ይመዝገብ ይላል፤ ልጁ ግማሽ ሳምንት ከተማው ውስጥ ሳቢያን፣ ግማሽ ሳምንት እናቱ ቤት ነው። የከተማው ጣቢያ «ገጠር ነህ» ይለዋል፣ የገጠሩ ጣቢያ «አትኖርም» ይለዋል። ማንም አልከለከለውም፤ ሽቦም የለም። ስሙ ግን መዝገቡ ላይ አይገኝም። ምርጫ ቦርድ ለዚህ መፍትሔ ለማበጀት ሕግ መቀየር እንኳ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ተንቀሳቃሽ ምዝገባ፣ የገበያ ቀን ጣቢያና የማታ ሰዓት ብዙ ይረዳል።

ጥሪውን የሚያሰማው አፍም ሊታሰብበት ይገባል። ወኪል መሰየም ለዚህ አገር ሰው ከፈረንጅ የመጣ ትምህርት አይደለም። የኢሳ ሕዝብ ባህላዊ መሪውን፣ ዑጋዙን፣ መርጦ ያነግሣል፤ የጋራ ጉዳዩንም 44 አባላት ባሉት ጉባኤ በባህላዊ ሕጉ፣ በኢሳ ሔር፣ መሠረት ይመክራል። ይህ ሔር እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የኦሮሞ ገዳም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመዝግቧል። በድሬዳዋና በዙሪያዋ አፎሻ አለ፤ ሰው ሲሞት ቀብሩን፣ ሰው ሲያገባ ሠርጉን የሚሸከመው አፎሻ ሰብሳቢውን ሲመርጥ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ አካባቢውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ገንዘብ ያጎደለ ሰብሳቢ በዓመቱ ይወርዳል። ምርጫ ቀስቃሹ በዚህ በኩል ቢገባ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሌኛ ቢያወራ፣ ለገበሬው ነገሩን ለማስረዳት ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ችግሩ ሰውየው ስለ ውክልና አለማወቁ አይደለም። ከአፎሻው ጋር ሲያወዳድረው የምክር ቤቱ ውክልና ጎደሎ ሆኖበት ነው።

ጎደሎው የቱ ጋ ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ በተመራጩ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል ይላል፤ አንቀጽ 54ም ለሕዝብ ተወካዮች አባላት ይህንኑ ያጸናል። የመራጮች ትምህርት ሲሰጥ ካርድ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ምልክት እንዴት እንደሚደረግ፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ይነገራል። ስለ አንቀጽ 12 የሚያስተምር በራሪ ወረቀት ግን አይቼ አላውቅም። ግማሹን ትምህርት ይዞ ገጠር የሚወጣ ቀስቃሽ፣ ከ1944ቱ የኤርትራ አደራጆች ብዙ አልተማረም።

እንግዲህ መሳተፍ ወይስ መቅረት? መሳተፍ፣ ግን ቀድሞ መደራደር። ሐርቢ በ1951 ከነበራቸው ጉልበት አብዛኛውን በድምፅ መስጫው ቀን ላይ አዋሉት፤ በዚያ ቀን የሚለወጥ ነገር ግን ጥቂት ነበር። የእኛም ተቃዋሚዎች በ2000ና በ2005 ዓ.ም. የወጡት ምዝገባው ካለፈ በኋላ ወይም ሊያልቅ ሲል ነው። የወጡበት ምክንያት እውነት ሊሆን ይችላል፤ የቀሩበት ቦታ ግን በገዢው ሰዎች ተሞላ፣ ገበሬውም ከማን ጋር እንደሚማከር አጣ። የ2013ቱ ምርጫም የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ባልተገኙበት ነበር የተካሄደው፤ ኦሮሞ ለሚበዛበት የገጠር ክላስተር ይህ ምርጫውን በግማሽ መቁረጥ ነው። ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ መሪዎቹ ታስረው ለነበረ ፓርቲ «ለምን አልተወዳደርክም» ማለትም ፍትሕ አይሆንም።

ለ2018 ዓ.ም. የተቀጠረው ሰባተኛ ጠቅላላ ምርጫ ቅስቀሳ ወደ ቢዮ አዋሌ የሚወጣን ሰው ሁሉ፣ ከቦርድም ከፓርቲም ከሲቪክ ማኅበርም የመጣ ይሁን፣ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። «ምረጡ» ከማለቱ በፊት መዝገቡን ይክፈትና ያሳያቸው፤ የጎደለው ስም የማን እንደሆነ ከእነሱ ጋር ይቁጠር። ቀጥሎም አንድ ጥያቄ ይመልስላቸው። ለገበሬው ከሁሉ የሚቀርበው ምክር ቤት የቀበሌው ነው፤ ስለ ምንጩ፣ ስለ ወሰኑ፣ ስለ ሴፍቲኔቱ ዝርዝር የሚወሰነው እዚያ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት የቀበሌ ምርጫ ተራዘመ፣ እንደገናም ተራዘመ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረው የቢዮ አዋሌ ልጅ ዛሬ ካርድ ለመውሰድ ዕድሜው ደርሷል፤ የቀበሌ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው ግን ያኔ ነው።